እንደ ወጉ

ዓለምን ያመሰው ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፤ በመጋቢት ወር መባቻ፤ ጎሕ ሲቀድ፤ በወደቡ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል መንትያ ወንዶች ልጆች ተወለዱ። ሆስፒታሉ ከመርከብ ማደሻው በስተጀርባ ባለው ጉብታ ላይ የቆመ፤ ግድግዳው በኖራ የተለሰነ፤ መስኮቶቹ ወደ ባሕር የሚያዩ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ነበር፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የሬንጅና የዝገት ሽታ ከመርከቦቹ እየመጣ እስከ አልጋዎቹ ይደርሳል። በጦርነቱ ዘመን የቁስለኞች ማቆያ የነበረው ይህ ቤት፤ ሰላም ሲወርድ ለወደቡ ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ተሰጠ፤ አልጋዎቹ ግን ወታደር እንደ ደረደራቸው በሰልፍ ቀሩ።

በዚያ ወደብ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሰው ይሠራ ነበርና የመጣው ወግም እንደ ሰዉ ብዙ ነበር። የሆስፒታሉ በረኛ ወገኖች ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገርዛሉ፤ ቀኑ ያለፈ እንደሆነ በቤቱ ሰላም የለም። የግምጃ ቤቱ ሹም ወገኖች ልጁ አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ጠብቀው በእኩዮቹ ፊት ያስገርዙታል፤ በዚያ ቀን ያለቀሰ፤ እስኪሸብት ይሳቅበታል። የዋናዋ አዋላጅ ወገኖች ከነጭራሹ አይገርዙም፤ ፈጣሪ ጨርሶ የላከውን፤ ሰው ምን ቤት ነኝ ብሎ ያርመዋል ይላሉ። አንዱ የሌላውን ሲሰማ ይስቃል፤ አንዳንዱም ይጸየፋል፤ የራሱን ግን ወግ ነው ብሎ ያልፈዋል።

የሆስፒታሉ የበላይ ሐኪም በጦር ሜዳ የሻለቃነት ማዕረግ ያገኘ፤ ረጅም፤ ጢሙን በየማለዳው የሚላጭ የባሕር ማዶ ሰው ነበር። በአገሩ አያቶቹ ግርዛት የሚባል ነገር አያውቁም፤ በእርሱ ዘመን ግን ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ለንጽሕና ይበጃል ብለው የሕፃናት መደበኛ ሥራ አድርገውት ነበር። ሻለቃው ውኃና ሳሙና ያጡ ወታደሮችን በምሽግ ውስጥ አራት ዓመት ያከመ ሰው ስለሆነ ነገሩን አጥብቆ ያዘው። ከሻለቃው አገር ጎረቤት የመጣው የሆስፒታሉ የጥርስ ሐኪም፤ ያንኑ ትምህርት ተምሮ፤ «ጤነኛ ገላ ምን በደለና ይቆረጣል?» እያለ ይሟገተው ነበር። ሁለቱ የተማሩ ሰዎች በዚህ ተኳርፈው አንድ ክረምት ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጡም፤ ከወግ ነጻ ነን የሚሉ ሰዎችም እንዲህ ናቸው።

በሻለቃውና በሕዝቡ መካከል የቆመው የሆስፒታሉ ቱርጁማን ነው። ዕድሜው አርባ አምስት፤ ቁመቱ አጭር፤ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበር፤ አምስት ቋንቋ ስለሚያውቅ የወደቡ ሰው «ሁለት ምላስ» እያለ ይጠራዋል፤ ሦስቱን ለምን እንደ ቀነሱበት ማንም አያውቅም። ስሙ ሙገሳም ስድብም ነው፤ እርሱ ሙገሳውን ወስዶ ስድቡን ለባለቤቱ ይተወዋል። የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራው ከሰው ቃል አንዲት አልጨመረም፤ አንዲት አልቀነሰም። ቃል አደራ ነው ይል ነበር፤ አደራውንም ከልቡ ይወደው ነበር።

ሻለቃው በገባ በዓመቱ ለእያንዳንዱ አራስ ቤተሰብ የሚሞላ ቅጽ አዘጋጀ፤ ቱርጁማኑም ወደ ከተማው ቋንቋ መልሶ ለማተሚያ ቤት ሰጠው። ከቅጹ መስመሮች አንዱ በሻለቃው ቋንቋ እንዲህ ይላል፤ «የወንድ ሕፃን ግርዛት፤ እንደ መደበኛው ሥራ ይደረግ፤ ወይም ይቅር።» ቱርጁማኑ እዚህ ላይ ብዕሩን ይዞ ቆመ። ወረቀቱን የሚያነቡት አራሶች ናቸው፤ ባሎች ናቸው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አማቶች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በጮሌ ዓይን የሚያነቡት መሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል በአማት ፊት እንዴት አድርጎ ይነበባል? ይሉኝታ ያዘውና «የወንድ ልጅ ነገር» ብሎ ጻፈ። በስተግርጌው ሁለት ሳጥኖች አስመረ፤ በአንደኛው አጠገብ «እንደ ወጉ»፤ በሁለተኛው አጠገብ «ከወጉ ውጭ» ብሎ ጻፈ። እርሱ ራሱ ልጆችን በሕፃንነታቸው ከሚገርዙ ወገኖች ነበርና ወግ ሁለት ሊሆን እንደሚችል አልታየውም፤ ወረቀቱን አጥፎ ላከ፤ ያን ቀን ምሳውን በደስታ በላ።

በሰባት ወር ውስጥ መቶ አሥራ ስምንት ወንዶች ልጆች ተወለዱ፤ መቶ አሥራ አንዱ ቤተሰብ «እንደ ወጉ» በሚለው ሳጥን ምልክት አደረገ። ሰባቱ ብቻ «ከወጉ ውጭ» አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ሞቅ ብሎት እንደ ነበር በረኛው ይምላል። ሻለቃው በውጤቱ እጅግ ተደሰተ፤ የየአገሩ ሕዝብ ያለ ማስገደድ፤ በጽሑፍ በሰጠው ፈቃድ ግርዛትን መረጠ የሚል ዘገባ ጽፎ በፖስታ መርከብ ለሐኪሞች ጉባኤ ላከ።

የመንትዮቹ አባት በመርከብ ማደሻው የሚሠራ አናጢ ነበር፤ ጣውላን በመዳፉ ዳስሶ ከየትኛው ጎን እንደሚሰነጠቅ የሚያውቅ፤ ንግግሩ እንደ ልኬቱ ቁጥብ የሆነ ሰው። የእርሱ ወገኖች ወንድ ልጅ አይገርዙም። በጥንት ዘመን እነርሱን ድል ያደረጉ ሰዎች የማረኩትን ሁሉ እየገረዙ በዚህ ምልክት ያውቁት ነበርና፤ በእነርሱ ዘንድ የተገረዘ ሰው «ምርኮኛ» ይባላል፤ ዘመኑ ቢያልፍም ቃሉ አላለፈም። አናጢው ቅጹን ያነበበው በሥራ ልብሱ፤ የመጋዝ ብናኝ ከቅንድቡ ሳይራገፍ ነበር፤ «የወንድ ልጅ ነገር እንደ ወጉ» የሚለውን ሲያይ፤ ሆስፒታሉ የሰው ወግ ያከብራል ለካ ብሎ ደስ እያለው ምልክት አደረገ።

ልጆቹ በተወለዱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፤ እሑድ፤ አናጢው ሊጠይቅ መጣ። ሚስቱን የወሊድ ትኩሳት ገና አልለቀቃትም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ ሲያለቅስ ጨርቁን ሊለውጥ ራሱ ፈታው። ፋሻውን አየ። ልጁን በጥንቃቄ መልሶ አስተኛና ዋናዋን አዋላጅ ጠራ።

«እትዬ፤ ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የቆሰለው?»

«አልቆሰለም ወንድሜ። ማክሰኞ ዕለት ተገርዞ ነው፤ ደህና ነው፤ እየዳነለት ነው።»

«ማን አዘዘ?»

«አንተ ነሃ! ወረቀቱ ላይ ምልክትህ አለ። እኔማ ገርሞኝ ነበር፤ ያንተም ወገን እንደኔው አይገርዝም ሲሉ ሰምቼ። የባሕር ሰው ወጉን ይለውጣል ብዬ ዝም አልኩ።» ዝም በማለቷ ወዲያው ቆጫት፤ ፊቷ ላይ ታየ።

«እኔ እንደ ወጋችን ይሁን ነው ያልኩት» አለ አናጢው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ይሄኛውስ?»

ሁለተኛው ልጅ በጎን ተኝቶ ነበር፤ ቀጫጫ፤ ሲወለድ ሁለት ኪሎ ያልሞላ። አዋላጇ፦ «ክብደቱን ስንጠብቅለት ነው የቆየው» አለች። «ተራው ከነገ ወዲያ ነው።»

በማግስቱ ሰኞ፤ በሁለት ሰዓት፤ አናጢው የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ በሻለቃው ቢሮ ቆመ፤ ወንበር ቢሰጡት እንቢ አለ። አዋላጇ በሩ አጠገብ ቆማለች። ቱርጁማኑ እንደ ልማዱ በጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ጥሎ ቆመ። የሙያው ደንብ እንዲህ ነው፤ አናጢ ሲናገር አናጢ ይሆናል፤ ሻለቃ ሲናገር ሻለቃ ይሆናል፤ «እኔ» ባለ ጊዜ ሁሉ ሌላ ሰው ነው።

«እኔ የምመራው በወረቀት ነው» አለ ሻለቃው በቱርጁማኑ አፍ። «ፈቃድዎን በገዛ እጅዎ ሰጥተዋል፤ ሕፃኑም በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው። ሁለተኛውም ነገ ይደረግለታል።»

«ምልክት አድርጌያለሁ፤ አልካድኩም» አለ አናጢው። «እንደ ወጉ ነው የሚለው። የኛ ወግ ደግሞ አለመንካት ነው። ታዲያ ከወጉ ውጭ ልበል? ወግ የሌለው ሰው ነኝ ብዬ ልፈርም?»

ቱርጁማኑ አፉን ከፍቶ ጀመረ፤ «ወጉ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በሻለቃው ወረቀት ላይ ወግ የሚባል ነገር አልነበረም። እንደ መደበኛው ሥራ፤ ወይም ይቅር፤ ይኸው ነው። ወጉን ያመጣው እርሱ ነው፤ ግርዛት የሚለውን ቃል የሰረዘውም እርሱ ነው። በሰባት ወር ያለፉት አባቶችና አማቶች አንድ በአንድ በፊቱ መጡ፤ ከመቶ አሥራ አንዱ ስንቱ የሚሆነውን አውቆ ምልክት እንዳደረገ፤ ስንቱም የማያውቀውን ወረቀት አምኖ ልጁን እንደ ሰጠ፤ ሊቆጥረው አልቻለም።

ሻለቃው የቱርጁማኑን ዝምታ በሌላ ተረጎመው፤ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። «ይህ ሰው ባለፈው ሳምንት ቅሬታ አልነበረውም፤ ነገሩን በጆሮው ያስገባችው እርስዋ ናት። ከመጀመሪያው ሥራዬን ትጠላዋለች። ከዛሬ ጀምሮ ከወሊድ ክፍሉ ትውጣ።» አዋላጇ የሻለቃውን ቋንቋ ስለማትሰማ፤ የተዘረጋውን እጅ አይታ የቱርጁማኑን አፍ ትጠብቅ ጀመር።

አናጢው ቀደማት። «ለመሆኑ ይሄን ቃል የጻፈው ማነው?»

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መውጫም ነበረው። ቱርጁማኑ እንዳለ ቢያስተላልፈው፤ ሻለቃው ያለ ጥርጥር «እኔ ነኝ» ይላል፤ በገዛ ቋንቋው ጽፎታልና ሐሰት አይሆንም፤ ከቃሉም አንዲት አልተጨመረ፤ አንዲት አልተቀነሰ። አዋላጇ ትባረራለች፤ ትንሹ ልጅ ነገ ጠዋት ይገረዛል፤ በዚያ ክፍል ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማ ሌላ ነፍስ ስለሌለ፤ የሚያውቅበት የለም። ፈራ። ሥራውን ፈራ፤ ስሙን ፈራ፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የአናጢውን ዓይን ፈራ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ በሻለቃው ቋንቋ።

ሻለቃው ግራ ገባው። «አናጢው? እርሱ ነው የጻፈው?»

«የለም ጌታዬ። እኔ።» ቃሉ በአፉ እንግዳ ሆነበት፤ እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ። «እኔ ቱርጁማኑ።»

ከዚያም ለአናጢውና ለአዋላጇ በከተማው ቋንቋ ነገራቸው፤ እንደገና ለሻለቃው በራሱ ቋንቋ፤ አሳዛኙን ወሬ እየደጋገመ የሚያደርስ መርዶ ነጋሪ ሆነ። ሻለቃው ቅጹን አውጥቶ ቃል በቃል እንዲመልስለት አዘዘው። መለሰለት። «የወንድ ልጅ ነገር፤ በአባቶቻችን ልማድ፤ ወይም ከአባቶቻችን ልማድ ባፈነገጠ መንገድ።» ሻለቃው መነጽሩን አወለቀ።

«ለምንድነው የነገሩን ስም ያልጻፍኸው?»

«ስለሚያሳፍር ነው ጌታዬ። አማት ፊት የሚነበብ ወረቀት ነው።»

«ማነው ያፈረው?»

«እኔ» አለ ቱርጁማኑ፤ ለሁለተኛ ጊዜ።

አዋላጇ ከበሩ ሆና፦ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች፤ ይህን ማንም አልተረጎመውም። አናጢው ቱርጁማኑን ከእግር እስከ ራሱ አየውና፦ «እመታህ ነበር» አለ። «ግን አንተን ብመታ ልጁ አይመለስልኝ።»

ሻለቃው ግትር ቢሆንም ውሸታም አልነበረም። አዋላጇ በቦታዋ እንድትቆይ አዘዘ፤ የነገውን ቀጠሮ በእርሳስ ሰረዘ፤ ይህንንም ካደረገ በኋላ እንደ ሐኪም የሚያምንበትን ተናገረ፤ ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ቢሆኑ ይሻላል፤ ቁርጡ ግን የወላጆቹ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ሆስፒታል በግልጽ ስሙ ተጠርቶ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነበር።

እናቲቱ ጀርባዋን በትራስ አስደግፋ ሁሉንም ሰማች፤ ቱርጁማኑ አልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። ትኩሳት ያደከማት ሴት ብትሆንም አእምሮዋ ከሁሉም ፈጥኖ ሮጠ።

«ይሄኛውም ይገረዝ» አለች።

አናጢው ደነገጠ። «ምን ነካሽ?»

«ትልቁን ምርኮኛ ሲሉት ብቻውን ነው የሚሆነው። ሁለት ከሆኑ ይደጋገፋሉ። አንድ ማሕፀን ያደሩ ልጆች ናቸው፤ እንዴት አድርጌ ነው የምለያያቸው?»

«አንዱን ሳላውቅ ቆረጡብኝ። ሌላውን እያወቅኩ አልሰጥም።»

«ትልቁ ሲያድግ ምን ልትለው ነው? በስህተት ነው ልትለው? ያንተ ነገር ስህተት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ምን ይሆናል?»

አናጢው ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። አለቀሰ፤ ሁለቱም አለቀሱ። ቱርጁማኑ የሚተረጉመው ነገር አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ እንዲያውም መውጣት ነበረበት። አልወጣም።

«እኔ እነግረዋለሁ» አለ። «ሲያድግና ነገር ሲገባው ላኩብኝ፤ ወይም እኔ እመጣለሁ። ስህተቱ እሱ አይደለም፤ ስህተቱ እኔ ነኝ። ፊቴን አይቶ ይወቀው።»

እናቲቱ ረጅም ጊዜ አየችው። «ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ እቴ።»

«እንግዲያው ይተውልን» አለች ለባሏ፤ ትንሹን ልጅ እየተቀበለች። ልጁ ሳይገረዝ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሻለቃው ቱርጁማኑን ከሥራ አላባረረውም፤ ከቅጽና ከወረቀት ግን አራቀው፤ ከወደቡ ጫፍ ባለው የኳራንቲን ጣቢያ መድቦ ከመርከብ አለቆች ጋር ስለ አይጥና ስለ ወረርሽኝ እንዲነጋገር አደረገው። አዲሱ ቅጽ በወሩ ታተመ፤ «ግርዛት፤ ይደረግ፤ አይደረግ» ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት አማቶች ተቆጡ፤ ከዚያ በኋላ ለመዱት። በቀጣዩ ሰባት ወር ከመቶ አራት ቤተሰብ አርባ ስድስቱ «ይደረግ» አሉ፤ እያንዳንዱም እንደ ወገኑ።

ትልቁ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቱርጁማኑ ቃሉን ጠብቆ ከኳራንቲኑ በእግሩ መጣ። በአናጢው ግቢ፤ በተቆለለ ጣውላ ላይ፤ ከልጁ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ከቅጹ ጀምሮ እስከ ቢሮው ድረስ ነገረው፤ ከእውነቱ ምንም አላስቀረም። ልጁ በትዕግሥት ሰማ።

«ጋሼ፤ አልቅሼ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«አላውቅም። እዚያ ክፍል አልነበርኩም።»

«እንግዲያው ማንም አልጠየቀኝማ።»

«የሰባት ቀን ልጅ ምን ተብሎ ይጠየቃል?»

«ወንድሜንስ ማን ጠየቀው?»

«እሱንም ማንም። ግን የሚጠየቅበት ጊዜ ቀርቶለታል።»

ልጁ ትንሽ አሰበና፦ «ሲስቁብኝ ምን ልበላቸው?» አለ። ቱርጁማኑ አምስቱን ቋንቋ ሁሉ ቢፈልግ መልስ አላገኘም፤ አላውቅም ብሎ እውነቱን ነገረው። ልጁ ግን በዚህ አልተቀየመም፤ እስከ በሩ ሸኘው።

ሌላ ታላቅ ጦርነት ዓለምን በሚያምስበት ዘመን፤ መንትዮቹ ሃያ ሁለት ዓመት በሞላቸው ጊዜ፤ ያልተገረዘው ወንድም በስምንተኛው ቀን ከሚገርዙ ወገኖች የሆነች ልጅ ወደደ። ልጅቷ አላስገደደችውም፤ እርሱ ግን አስቦበት፤ ለወንድሙ ነግሮ፤ ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ ተገረዘ። ለአባቱ ሲነግረው አናጢው መላጊያውን አቁሞ፦ «አስገድደውህ ነው?» አለ። «አይደለም፤ ፈልጌ ነው» አለው። አባቱ፦ «ያንተ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ደስ እንዳላለው ማንም ያያል፤ ነገር ግን አልከለከለም።

ስለዚህ ነገር ታሪክ የያዘው ሌላ ነው። የሻለቃው ዘገባ በሐኪሞች ጉባኤ መጽሔት ታትሞ፤ ከመቶ አሥራ ስምንት ቤተሰብ መቶ አሥራ አንዱ በፈቃዱ መረጠ የሚለው ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀዳ ብዙ ዘመን ኖረ፤ በአንዱ አገር ግርዛትን የሚደግፉ ሐኪሞች ይጠቅሱታል፤ በሌላው አገር የሚቃወሙት እየጠቀሱ ይሟገቱታል። ሻለቃው፤ ይመስገን፤ ማረሚያ ልኮ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ከማስታወቂያዎች በታች በአራት መስመር ወጣ፤ እስከምናውቀው ድረስ ማንም አልጠቀሰውም። የቱርጁማኑ ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም፤ የአናጢውም፤ የሚስቱም።

የሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና መዝገብ ግን አለ። ስለ ግርዛት በተጻፈባቸው ገጾች «ፈቃድ የሰጠው» በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች አባት፤ አባት፤ አያት፤ አባት፤ አጎት፤ አባት ይላል። በአንዱ መስመር ላይ ብቻ ጸሐፊው የሚጽፈው ግር ብሎት፤ ጀምሮ ሰርዞ፤ እንደገና የጻፈው ቃል ይነበባል፤ «ራሱ»።